«ሰብር አድርጊ» ብለን ከሄድን በኋላ

 

አንድ ወጣት ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ እንበል። ለሳምንታት ራሱን ሳያውቅ ከረመ፤ ከዚያ አልሐምዱሊላህ ነቃ። በእግሩ ቆመ፣ አንደበቱ ተፈታ፣ ቤቱ ገባ። ሰፈሩ ሁሉ «እንኳን አላህ አተረፈህ» አለው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያ ለስላሳ ልጅ በትንሹ ይጮኻል፣ ሚስቱን በሰው ፊት ይዘልፋል፣ የነገሩትን ወዲያው ይረሳል። ታዲያ አኽላቁ ተበላሸ እንበል ወይስ አሁንም ታማሚ ነው? ታማሚ ከሆነስ የምትሰደበዋ ሚስቱ ምን ትሁን?

ከግንባራችን በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ቁጣን ለመግታት፣ ነገን ለማቀድና ከአፍ የሚወጣውን ቃል ለመመጠን ያገለግላል። አደጋም ሆነ ስትሮክ ይህን ክፍል ሲጎዳው ሰውየው እየተራመደና እያወራ ልጓሙ ሊላላ ይችላል። የተሰበረ እግር በጀሶ ይታያል፤ ይህኛው ስብራት ግን ከውጭ ስለማይታይ ሰው ሁሉ ጥጋብ ይመስለዋል።

ሐኪሞች ዛሬም የሚያወሱት አንድ ታሪክ አለ። በ1848 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ ፊኒየስ ጌጅ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ለባቡር ሐዲድ ድንጋይ የሚያፈነዱ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ባሩዱ ሳይታሰብ ፈነዳና 6 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝም ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው ተረፈ። ከአደጋው በፊት ጥሩ ሠራተኛ የሚባል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ተሳዳቢና በአንድ ሐሳብ የማይጸና ሆነ ተብሎ ተጻፈለት። አሠሪዎቹም ወደ ቀድሞ ቦታው አልመለሱትም።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ቀጣይ ግን አለው። ጌጅ ከዓመታት በኋላ ወደ ቺሊ ሄዶ በፈረስ የሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ እየነዳ ለ7 ዓመታት ያህል ኖረ። በየቀኑ በሰዓቱ መነሳት፣ ፈረሶቹን ማሰናዳት፣ ከመንገደኛ ጋር መግባባትና መንገዱን ማስታወስ ነበረበት። ታሪኩን ያጠኑ አንዳንድ ተመራማሪዎች፣ ይህ ሥርዓት ያለው የዘወትር ሥራ ጠባዩን መልሶ እንዲያስተካክል ሳይረዳው አልቀረም ይላሉ። የተሃድሶ ሕክምናም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፤ የተጎዳ አንጎል በድግግሞሽ እንደገና ይማራል። ብዙ ጊዜ ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይታያል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በዲናችን ተጠያቂነት ከዐቅል ጋር የተያያዘ ነው። ዐቅሉን ያጣ ሰው እንደ ጤነኛ አይጠየቅም፤ መቆም ያልቻለ ቁጭ ብሎ ይሰግዳል፣ እሱም ካቃተው ተኝቶ። (የእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ ስለሚለያይ ዝርዝሩን ዑለማዎችን መጠየቅ ነው።) ስለዚህ ከጉዳቱ የመጣን ቁጣ አይቶ «ድሮም ውስጡ እንዲህ ነበር» ብሎ መፍረድ በደል ነው።

ነገር ግን የእሱ ዑዝር የእሷን ቁስል አያጠፋም። ለእሱ ይቅርታ ማድረግ ለእኛ ቀላል የሚሆነው የሚሰደበው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው። እናቱ ወይም ሚስቱ ሌሊት አትተኛም፣ መድኃኒት ትቆጥራለች፣ ልጆች ታባብላለች። እኛ መጥተን ሻይ ጠጥተን «አይዞሽ፣ ሰብር አድርጊ፣ አጅር አለው» ብለን እንወጣለን። ሰብር ትልቅ ዒባዳ ነው፤ ነገር ግን አብሮ መሸከም የሚገባንን ሸክም በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ጥለን የምንሄድበት ቃል መሆን የለበትም። ነገሩ እጅ እስከማንሳት ከደረሰም እሷንና ልጆቹን ከአደጋ ማራቅ ይቀድማል። ዱላን ዝም ብሎ መቀበል ሰብር አይባልም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሆስፒታሉ በጠያቂ ይሞላል። በሁለተኛው ዓመት ግን በሩን የሚያንኳኳ የለም፤ ችግሩ ያኔም እዚያው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትንሽም ብትሆን የምትዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ የተወደደች መሆኗን አስተምረውናል። ለዚህ ቤት የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ነው።

ምን እናድርግ?

ጓደኛሞች ከሆናችሁ ተራ አውጡ። አንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ከእሱ ጋር ይዋል፤ ቤተሰቡ ያን ጊዜ ይተኛ፣ ገበያ ይውጣ፣ ይተንፍስ። አንዱ ፊዚዮቴራፒ ይውሰደው፣ ሌላው የትራንስፖርቱን ይሸፍን።

ለዚያራ አሥር ሆናችሁ አትግቡ። ጫጫታ የተጎዳ አንጎልን ቶሎ ያደክማል። ሁለት ሆናችሁ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ፣ አንድ ነገር አንዴ እየተናገራችሁ ተጫወቱ። ሲረሳ አትሳቁበት፤ በስልኩ ማስታወሻና አላርም ሙሉለት።

ለሶላት ስትሄዱ ጎራ ብላችሁ ውሰዱት። አምስቱ አዛኖች ቀኑ ለተደበላለቀበት ሰው ቀኑን ይከፋፍሉለታል። ረከዓ የሚጠፋበትም ከሆነ በጀመዓ ኢማሙን ይከተላል።

ሱቅ ወይም ሥራ ያላችሁ ደግሞ በየቀኑ የምትደጋገም አንዲት ቀላል ሥራ ስጡት። ቢሳሳት እንኳ ነገም ይምጣ።

ምናልባት የድሮው ሰው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ቤተሰቡም በሕይወት ያለ ሰውን ይናፍቃል፤ ይህ ሐዘን ለቅሶ የሚደርስለት እንኳ የለም። ግን ፊታችሁ ያለውም ሰው ያው ወንድማችሁ ነው፤ ሐቁም አልቀነሰም። ዛሬ ከጁምዐ በኋላ፣ ሰው መጠየቅ ያቆመበትን አንድ ቤት አስቡና ደውሉ። «እሱ እንዴት ነው?» ካላችሁ በኋላ «አንቺስ እንዴት ነሽ? የትኛውን ቀን ልያዝልሽ?» በሉ።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሚያስታምሙት ብርታቱን፣ ለእኛም የማይሰለች ቀልብ ይስጠን። አሚን።