ብብትና ቆጥ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።» ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው እንደ ተግሣጽ ነው፤ ባለህ እደር፣ አትንጠራራ ለማለት። ባለፈው ሚያዝያ የአጎቴ ሸክላ ማጫወቻ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቤተሰቡ «ይጠገን»፣ «ይቀየር» እየተባባለ ለሁለት ሲከፈል፣ ተረቱን የሚጠቅሱት «ይጠገን» ባዮቹ ነበሩ። እናቴም ከእነሱ ጋር ናት።

ከተማችን ገለጉ በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች። ማጫወቻውን ገልብጬ ሽፋኑን ስፈታው ሳህኑን ከሞተሩ የሚያገናኘው የጎማ ቺንጋ ቺንጋ መሆኑ ቀርቶ ነበር። እንደ ሬንጅ ቀልጦ የሞተሩ ዘንግ ላይ ተለጥፏል፤ በጣቴ ስነካው ጥቁር ክር እየተሳበ ተከተለኝ። እድሜና ሙቀት ሲገናኙ ጎማን እንዲህ ያደርጉታል። በአልኮልና በጨርቅ አንድ ከሰዓት ሙሉ ጠረግሁት። ቺንጋ ርካሽ ነው፣ ይገኛል፤ በዚህ በኩል እናቴ ልክ ነበረች።

አጎቴ ግን ማጫወቻው ከታመመ ቆይቷል ባይ ነው፤ መብራት ጠፍቶ በጀነሬተር ሲሠራ ዘፋኙ አንዴ ይጎተታል፣ አንዴ ይሮጣል። እዚህ ላይ በሽተኛው ሌላ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ምት ነው፤ ምቱ ከ50 ኸርዝ ሲወጣና ሲወርድ ሳህኑም አብሮ ይዋዥቃል። ተመሳሳይ ሞተር ያለው አዲስ ማጫወቻ ገዝተን እዚያው ጀነሬተር ላይ ብንሰካው ያው ዘፋኝ ያው ሊጎተት ነው። ስንቱን ዕቃ በሌላው ጥፋት እንደጣልን ሳስብ ያመኛል።

የሚያስፈራኝ መርፌው ነው። ስንት ዓመት እንዳገለገለ የሚያስታውስ የለም። ያረጀ መርፌ ጫፉ ተበልቶ ጎኑ ስለት ያወጣል፤ በሸክላው ቦይ ውስጥ መሄዱን ትቶ ማረስ ይጀምራል። የታረሰ ቦይ ደግሞ አይመለስም። አጎቴ አብዝቶ ያጫወታቸው ሸክላዎች፣ በጣም የሚወዳቸው ማለት ነው፣ ዛሬ ከዘፈኑ በላይ የሚሰማባቸው «ሽሽ» የሚል ድምፅ ነው።

በአጎቴ የሸክላ ሳጥን ውስጥ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ካቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የወጡ፣ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች አሉ። ዘፈኑ አዲስ አበባ ይቀረጽ እንጂ ሸክላው የሚታተመው ባሕር ማዶ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ የዚያን ዘመን ሥራዎች ብዙዎቹን ለዓለም አሰምቷል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ቀሪው እንደ አጎቴ ባሉ ሰዎች ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

ስለዚህ ተረቱን እንደገና ጠየቅሁት፦ ብብታችን ውስጥ ያለው ምንድን ነው? እናቴ ማጫወቻው ነው ትላለች። እኔ ሸክላው ነው እላለሁ። መርፌውን ሳይቀይሩ ቺንጋውን ብቻ አድሶ ማጫወት ቆጥ ሳይነኩ የብብትን መጣል ነው። «አዲስ ይገዛ» የሚለው የአክስቴ ልጅም በስልኩ ያሳየኝ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ ርካሽ ማጫወቻ ነው፤ የእነዚህ ክንድ ብዙውን ጊዜ 5 ግራምና ከዚያ በላይ ይጫናል። የአሮጌው ክንድ ጭራው ላይ የሚዞር ክብደት ስላለው እስከ 2 ግራም ድረስ ሊቀልል ይችላል።

የተረቱን ሴትዮም ሰዎች ያለ ጥፋቷ የሚወቅሷት ይመስለኛል። ቆጡ ላይ ያለውም የራሷ ዕቃ ነው፤ ማውረዷ ነውር የለውም። ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ ብብት ይከፈታል፣ ይኸው ነው። የብብቷን መጀመሪያ መሬት ብታኖረው ኖሮ ሁለቱም በተረፉላት።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲያው አንተም አስቀምጣ» አለችኝ። ሸክላዎቹን ከቆርቆሮው ግድግዳ አራቅሁ፤ ሙቀት ያጣምማቸዋልና ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ወዳለው ጥግ፣ ከውኃ ጋኑ ፈንጠር አድርጌ፣ በቁማቸው ደረደርኳቸው። ቺንጋና መርፌ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ አዝዣለሁ። እስኪመጣ ማጫወቻው ጨርቅ ለብሷል፤ አጎቴ ማታ ማታ ሳጥኑን ከፍቶ የሸክላዎቹን ልባስ አንድ በአንድ ያያል፣ ዘፈኑን በአፉ ያዜማል፣ ይመልሳቸዋል።