ስልክ በሐሰት ይመሰክራል?

እንደ እኔ የደም ግፊት ያለበት ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይማራል፦ ይህ ሕመም አያምም። ጥርስ ሲበላሽ ራሱ ይናገራል፣ ሆድም እንዲሁ። ግፊት ግን አንጎልን ወይም ኩላሊትን እስኪጎዳ ድረስ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ስለ ሰውየው የሚመሰክረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ምስክር አንድ ብቻ ሲሆን ደግሞ ታማኝነቱ የሕግም የሃይማኖትም ጉዳይ ይሆናል፤ ጡረታ የወጣሁ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝና ሁለቱንም ሳልነካ ማለፍ አይሆንልኝም።

እዚህ ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ አንድ ጎረቤት አሉኝ። እሳቸው ወንጌላዊ አማኝ፣ እኔ የገብርኤል ሳሚ፤ ክርክራችን ከአቦል እስከ በረካ ነው። ሰሞኑን ልጃቸው የጫነችላቸውን አፕ አሳዩኝ። ጣት ካሜራው ላይ ሲያርፍ የግፊት ቁጥር ያወጣል።

«መምህር፣ 118 በ76 አለኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእንግዲህ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል?»

«ጋሼ፣ ክንድዎን ሳይታሰሩ?»

«ሳልታሰር!»

በማግሥቱ፣ ቡና ሳይቀምሱ፣ ጀርባቸውን ተደግፈው ካረፉ በኋላ ጤና ጣቢያ ክንዳቸውን ታስረው ሲለኩ 164 በ98 ሆነ።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 «ኢንስታንት ብለድ ፕሬዠር» የተባለ አፕ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ተሸጧል። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ85 ሰዎች ላይ ፈትነው በ2016 እንዳሳተሙት፣ ግፊታቸው ከፍ ካለ ሰዎች ከአምስቱ አራት ያህሉን «ደህና ናችሁ» ብሎ አሰናብቷቸዋል። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ሻጩን በአሳሳች ማስታወቂያ ከሰሰው፤ ጉዳዩም በስምምነት ተዘጋ።

ታዲያ ኃጢአቱ የማን ነው? ጎረቤቴ «ስልክ ልብ የለው፣ ሳያውቁ መሳሳት ሐሰት አይባልም» ይላሉ። አልስማማም። ዳኛ ፊት ቆሞ ያላየውን «አይቻለሁ» ያለ ሰው፣ ነገሩ በአጋጣሚ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ በሐሰት መስክሯል። 118 ትክክል ሆኖ ቢወጣ እንኳ አፑ ሳይለካ «ለካሁ» ብሏል፤ ይህን እንዲል ያዘዘው ሰው ደግሞ ልብ አለው።

እኛስ? ደስ የሚለንን ቁጥር ላወጣ አፕ አምስት ኮከብ እንሰጣለን፤ ኮከቡ ደግሞ ሌላውን ይጠራል። የጤና አፕ መመዘኛ አለ፤ አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት «ማርስ» ሳቢነትን፣ አሠራርን፣ መልክንና መረጃን ጨምሮ የአፑን ጥራት በ23 ጥያቄ ይመረምራል። ጠቃሚ ነው፤ ክንድ አስሮ ግን አይለካም።

የእኔ አፕ ምንም አይለካም፤ ከመለኪያው ያየሁትን እጽፍበታለሁ፣ ኪኒኔን ያስታውሰኛል። በፍልሰታ ጾም «ከቁርስ በኋላ» እያለ ይጮህብኝ ነበር፤ ሰዓቱን የንስሐ አባቴንም ሐኪሜንም ጠይቄ አስተካክዬዋለሁ።

ጎረቤቴ የእሳቸውን አላጠፉም። «ደህና ነህ ሲለኝ ደስ ይለኛል» ይላሉ። ኪኒኑን ግን ይውጣሉ።