መተማመን በምን ይጸናል?

የአገር ሀብት በምን ይቆማል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ብዙ ሰዎች በወርቅ፥ በመሬትና በጕልበት ነው ብለው ይመልሱለታል። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ በታች መሠረት ሆኖ የሚገኝ አንድ የማይታይ ነገር አለ እላለሁ፤ እርሱም መተማመን ነው። አባቶቻችን የማሪያ ቴሬዛን ብር ሲቀበሉ ክብደቱን በእጃቸው ያውቁት ነበር። ወረቀት ግን ቢመዝኑት ምንም አይደለም፤ ገንዘብ የሚሆነው ያወጣው ክፍል ቃሉን ይጠብቃል ተብሎ የታመነ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

እናንተ ወጣቶች ይህን ነገር በምሳሌ እንድታዩት ወደ ሆንግ ኮንግ ልውሰዳችሁ። ሆንግ ኮንግ በቻይና ደቡብ ዳርቻ ያለች የነጋዴዎችና የባንኮች ከተማ ናት። እንግሊዞች ደሴቲቱን በ1842 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከጦርነት በኋላ ከቻይና ወሰዱ፤ በ1898 ደግሞ በስተሰሜን ያለውን ሰፊ መሬት ለ99 ዓመት ተከራዩ። ዘመኑ ሩቅ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን 1997 እየቀረበ በሄደ ጊዜ አበዳሪው፥ ቤት ሠሪውና ነጋዴው ሁሉ «ከዚያ ወዲያስ ውላችን ምን ይሆናል?» እያሉ ይጨነቁ ጀመር።

በ1983 የሁለቱ መንግሥታት ንግግር በተሰናከለ ጊዜ፥ በመስከረም ወር የከተማይቱ ገንዘብ በድንገት ወደቀ። ለአንድ የአሜሪካን ዶላር 9 ከ60 የሆንግ ኮንግ ዶላር እስኪጠየቅ ድረስ ደረሰ፤ ሕዝቡም ሩዝ ለመግዛት ወደ ሱቅ ይሽቀዳደም ነበር። በዚያ ቀን ወደቡ አልፈረሰም፤ ፋብሪካው አልተቃጠለም፤ የሠራተኛውም ክንድ አልዛለም። የጎደለው መተማመን ብቻ ነበር።

መድኃኒቱም በጥቅምት ወር ተገኘ። መንግሥት የገንዘቡን ዋጋ በ7 ከ80 ወሰነ፤ ባንኮችም ወረቀት ለማውጣት አስቀድመው በዚሁ ሒሳብ የአሜሪካን ዶላር እንዲያስገቡ አዘዘ። ገዢው እንደ ፈቃዱ ገንዘብ እንዳያትም የራሱን እጅ አሰረ ማለት ነው። ይህ ሥርዓት ከጥቂት ማሻሻል በቀር እስከ ዛሬ ቆሟል። ሰው የሚታመነው ኃይለኛ ስለ ሆነ ሳይሆን ኃይሉን በሕግ ስላሰረ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

በ1984 በታኅሣሥ ወር ሁለቱ መንግሥታት ተፈራረሙ። ከተማይቱ ከሐምሌ 1 ቀን 1997 ጀምሮ ለቻይና እንድትመለስ፥ ሕጓ፥ ንግዷና አኗኗሯ ግን ለ50 ዓመት እንዳይለወጥ ተስማሙ። የከተማይቱ ሕዝብ ግን ከተፈራራሚዎቹ ጋር አልተቀመጠም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጃርዲን ማቲሰን የተባለው ጥንታዊ የንግድ ቤት ከፊርማው አስቀድሞ ሕጋዊ መኖሪያውን ወደ ቤርሙዳ ማዛወሩን አስታወቀ፤ ትርፍ የሚያገኝበትን ንግድ ግን እዚያው ቀጠለ። እንግሊዝም በ1990 ባወጣችው ሕግ ለ50,000 የቤተሰብ አለቆች ከነቤተሰባቸው ዜግነት ፈቀደች፤ እነርሱም በአብዛኛው በሙያቸውና በሥራቸው የተመረጡ ነበሩ። ከቀረው በሚሊዮን ከሚቈጠር ሕዝብ አብዛኛው፥ ጀልባ ነጂው፥ ልብስ ሰፊውና ዓሣ ሻጩ፥ በሌላ አገር ገብቶ የመኖር መብት አልነበረውም። ባለጠጋው አንድ እግሩን በመርከብ ላይ አድርጎ ሲያምን፥ ድሀው በሁለት እግሩ ቆሞ ማመን ግድ ሆነበት።

የርክክቡ ቀን በሰላም አለፈ። ከ2019 ብጥብጥ በኋላ በ2020 የቻይና መንግሥት የጸጥታ ሕግ አወጣ። ደጋፊዎቹ ሰላም ተመለሰ ይላሉ፤ ነገር ግን ጋዜጦች ተዘጉ፥ ተቃዋሚዎችም ታሰሩ። ባንኮቹ ግን እንደ ወትሮው ተከፍተው ዋሉ፤ የገንዘቡም ዋጋ አልተናጋም። ስለዚህ ገበያው ረጋ ማለት ሕዝቡ አመነ ማለት እንዳልሆነ እንወቅ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ሆኖም ዝም ያለ ሁሉ ያመነ አይደለም።

በአስተማሪነት ዘመኔ አንድ ነገር ተረድቻለሁ። ተማሪ አስተማሪውን የሚያምነው መርምሮ መርጦት አይደለም፤ ሌላ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ለተማሪ የተሰጠ ቃል ለባልንጀራ ከተሰጠ ቃል ይልቅ ይከብዳል። ለሕዝብ የተሰጠ ቃልም እንዲሁ ነው።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለዋል። እናንተም ነገ ሹም ወይም ነጋዴ፥ አባት ወይም እናት ትሆናላችሁ። ቃላችሁ መጽናቱን ለማወቅ ስትሹ፥ ባትስማሙት ትቷችሁ ሊሄድ የሚችለውን ሰው አትጠይቁ። የሚሄድበት የሌለውን ጠይቁ፤ ሳይፈራ ከመለሰላችሁ በእውነት ታምናችኋል።