የጭስ መውጫው ስንጥቅ

ለገዳዲ ላይ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት የምታስረክብ አንዲት እናት ነበረች። ማድ ቤቷ የጭቃ ነው። ከምድጃው ኋላ ተነሥቶ፣ ግድግዳውን ተከትሎ በቆርቆሮው ጣሪያ የሚወጣ የጭስ መውጫ አለው፤ ባሏ በሕይወት ሳለ በድንጋይና በጭቃ ያበጀላት ነው። ዓመታት አለፉና ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ በምድጃው አፍ ይመለስ ጀመር። ምጣዱ እንደ ድሮው አይግል፣ እንጀራውም ዓይን አላወጣ አለ። እሳቱ አነሰ ብላ የባሕር ዛፍ እንጨት ብትጨምርበት ጭሱ ባሰ።

ልጇ ከሥራ ሲመለስ ዓይኗ ቀልቶ እንባዋን ስትጠርግ ያገኛታል። «እማዬ፣ መውጫው አጥሮ ነው» አለና ቆርቆሮ ጠቅልሎ ከላይ ቀጠለበት። ለጥቂት ቀን የተሻለ መሰለ። ጭሱ ሲመለስ ደግሞ የምድጃውን አፍ አሰፋላት። የሚፈጀው እንጨት ጨመረ፤ ጭሱ ግን ያው ነበር። የእንጀራው ትርፍ በእንጨት ዋጋ አለቀ።

በመጨረሻ ጎረቤት ያሉ ሽማግሌ ግንበኛ ተጠሩ።

«አባባ፣ አፍርሰን እንደ አዲስ እንሥራው?» አለቻቸው።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እሳቱን አንድጂው።»

ሽማግሌው ጧፍ ለኮሱና ከጭስ መውጫው ጎን ጎን፣ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያሉ አስጠጉት። ነበልባሉ አንዱ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሌላው ቦታ ሲደርስ ወደ ግድግዳው ይታጠፋል። በታጠፈበት ሁሉ በከሰል ምልክት አደረጉ። አብዛኛው ምልክት ከጣሪያው ሥር መውጫው በሚታጠፍበት ቦታና ልጁ ቆርቆሮውን በቀጠለበት ዙሪያ ሆነ።

«ከዚህ እኮ ጭስ ሲወጣ አይቼ አላውቅም» አለ ልጁ።

«አይወጣማ። ብርድ ነው የሚገባበት። ጭሱን ወደ ላይ የሚያወጣው ሙቀቱ ነው፤ በየስንጥቁ ቀዝቃዛ አየር ከገባበት ጉልበቱን ያጣና ወደ ኋላ ይመለሳል። አንተ የቀጠልከውም ለብርዱ ሌላ በር ሆነለት።»

እናትየው ጭቃ አምጥታ ልትመርግ ስትል ከለከሏት። ቀድሞም መርጋበት ተሸራርፎ ወድቋል። ስንጥቁን በቢላዋ ጫፍ አሰፉት፤ ጥላሸቱን ፍቀው ብናኙን አራገፉ። ከዚያ አሮጌውን ጭቃ ውሃ አጠጡት፤ እንደ ደረቀ ቢመረግበት የአዲሱን እርጥበት ይመጠውና ሳይያያዙ ይላቀቃሉ። በጤፍ ጭድ ተቦክቶ የሰነበተውን ጭቃ በአውራ ጣታቸው ወደ ውስጥ እየጠቀጠቁ ሞሉት። እስኪደርቅ እሳት እንዳይነድ አዘው ሄዱ። ሲደርቅ ቀጫጭን ስንጥቅ ብቅ ብሎ ነበርና ተመልሰው በቀጭን ጭቃ ደፈኑት። እሳት አስነድደው በጧፉ እንደገና ፈተሹት፤ ነበልባሉ የትም ቦታ ሳይታጠፍ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ምጣዱ በጥቂት እንጨት ይግል ጀመር፤ ጭሱም መንገዱን ያዘ።

ይህችን ሴት ለገዳዲ ላይ ያኖርኳት ያለ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ለገዳዲ ሲባል የሚታየው ውሃ ነው። በቡራዩ በኩል ካለው ከገፈርሳ ግድብ ቀጥሎ የለገዳዲ ግድብ በንጉሡ ዘመን፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ተሠራ። በ1999 እ.ኤ.አ. የድሬ ግድብ ተጨመረ፤ በአቃቂ በኩልም ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከተማዋ እንዲህ እያደገች መጨመሩ ግድ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን ተጣርቶ ከሚሠራጨው ውሃ ሲሶ ያህሉ ሒሳብ ሳይከፈልበት እንደሚቀር ሲነገር ዓመታት አልፈዋል። ከፊሉ የቆጣሪ ጉድለትና ሕገ ወጥ ቅጥያ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ባረጁ ቧንቧዎች ስንጥቅ መሬት ውስጥ ይሰርጋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የሚወጣው ሳይሆን የሚገባው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በዚያው ስንጥቅ በዙሪያው ያለው ፍሳሽ ወደ ቧንቧው ሊገባ ይችላል። ውሃው ሲመለስ ይዞት ወደ ቤት ይመጣል። ለገዳዲ ላይ በብዙ ድካም የተጣራው ውሃ ጀሪካን ውስጥ እስኪደርስ ንጹሕ ሆኖ መቆየቱን የሚወስነው እንግዲህ ማጣሪያው ብቻ አይደለም፤ መንገድ ላይ ያለው ቧንቧ ጭምር ነው። ተጨማሪ ግድብ ይህን አያድንም።

ስንጥቁ የት እንዳለ የሚታወቅበት መንገድም አለ። ሌሊት ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ወደ አንድ ሰፈር የሚገባው ውሃ ይለካል፤ ከሚጠበቀው በላይ ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ከዚያ ባለሙያ በማዳመጫ መሣሪያ መስመሩን ተከትሎ የሚፈስበትን ድምፅ ይፈልጋል፤ ካገኘም ተቆፍሮ ይጠገናል፣ እንደገናም ይለካል። ለአዲስ ጉድጓድ በጀት ሲያዝ ይህ ሥራ ከነባለሙያውና ከነመሣሪያው አብሮ በጀት ይያዝለት፤ በተለይ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኙት ሰፈሮች።