የመንገደኛ ዜጋ ድምፅ

የመምረጥ መብት ከሰውየው ጋር አብሮ የሚጓዝ ነው ወይስ ሰውየው በሚኖርበት መሬት ላይ ተተክሎ የሚቀር ነው የሚለው ጥያቄ የምርጫ አስተዳደር ጉዳይ ከመሆኑ በፊት ሕዝብ ማለት ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የፍልስፍናና የእምነት ጥያቄ ነው። ጥያቄው በሮቤ፣ በጎባና በመላው የባሌ ደጋ ይበልጥ ይከብዳል፤ ባሌ ከአርሲና ከሐረርጌ ጋር ወጣቶቿን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሥራ ከሚሸኙ አካባቢዎች አንዷ ናትና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ዕድሜው 18 ዓመት ሲሞላ የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ2013ቱ ስድስተኛ ጠቅላላ ምርጫ የተመራበት አዋጅ ቁጥር 1162 ግን መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን የጠየቀ ሲሆን፣ በውጭ አገር የሚከፈት የምርጫ ጣቢያም አልነበረም። ስለዚህ በሪያድ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር የጎባ ሴት በሕገ መንግሥቱ መራጭ ሆና ሳለ ስሟ የሚሰፍርበት መዝገብ አልነበራትም።

የስድስት ወሩ ድንጋጌ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ መራጮችን ከአንድ ክልል ወደ ሌላው በማዘዋወር ውጤት እንዳይለወጥ ይከላከላል። ከጀርባውም የተከበረ ሐሳብ አለ። የፖለቲካ ፈላስፋው ክላውዲዮ ሎፔዝ ጌራ እንደሚከራከረው፣ ለዘለቄታው ውጭ የሚኖር ሰው ለሕጉ ስለማይገዛ ሌሎች የሚገዙበትን ሕግ በሚያወጣ ምርጫ ሊሳተፍ አይገባውም። ክርክሩ ጠንካራ ቢሆንም የባሌን መንገደኛ በትክክል አይገልጸውም። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ወደ ውጭ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ሲያግድ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 923 የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን ሲደነግግ፣ ሠራተኛው በየትኛው አገርና በምን ውል መሥራት እንደሚችል የወሰነው የኢትዮጵያ ምክር ቤትና መንግሥት ነበር። ውጭ ያለ ሠራተኛ ለአገሩ ሕግ መገዛቱን አላቆመም፤ ያጣው ያንን ሕግ በሚያወጣው አካል ላይ ሊኖረው የሚገባውን ድምፅ ነው።

በእምነት በኩል ደግሞ፣ በባሌ ሙስሊሞች ዘንድ በስፋት የሚታወቀው የሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም ከአራቱ የእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች አንዱ፣ ሰው ከቦታ ጋር ስላለው ግንኙነት ጥንቁቅ አከፋፈል አለው። በጉዞ ላይ ያለው ሙሳፊር ይባላል፤ ባለ አራት ረከዓውን ሶላት ወደ ሁለት ያሳጥራል፤ ግዴታው ቀለለለት እንጂ አልተነሣለትም። በደረሰበት ቦታ አራት ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ለመቆየት ያሰበው ሙቂም ሲሆን ሶላቱን በሙሉ ይሰግዳል። ሦስተኛው ሙስተውጢን፣ ቦታውን አገሬ ብሎ የተቀመጠና ያለ ጉዳይ በጋም ሆነ ክረምት የማይለቀው ነው። ልዩነቱ በጁምዓ፣ በዓርብ ሶላት፣ ጎልቶ ይታያል፤ በዚህ መዝሀብ ለጁምዓ የሚያስፈልጉት አርባ ሰዎች ሙስተውጢን መሆን ሲኖርባቸው፣ ለመመለስ አስቦ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠው ሙቂም የመገኘት ግዴታ አለበት እንጂ ከአርባው ውስጥ አይቆጠርም።

ሊቃውንቱ ይህን ሲደነግጉ ስለ ድምፅ መስጫ ወረቀት አላሰቡም፤ አከፋፈሉ ግን የዛሬውን ችግር በሚያስገርም ጥራት ያሳያል። የሪያዱ ሠራተኛ ለአሠሪውና ለሚኖርበት አገር ሕግ ሁሉ ይገዛል፤ የዚያን አገር ዜግነት ግን በተግባር አያገኝም፤ ከአርባው ውስጥ አይደለም። በጎባም መዝገብ የለውም። ፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና የሕግ ትምህርት፣ ወደ አገሩ የተመለሰውን ሰው በደረሰበት ቅጽበት ነዋሪ ሲያደርገው፣ የምርጫ ሕጉ ግን ስድስት ወር ቆይ ይለዋል። እዚህ ላይ ፊቅሁ ከአዋጁ ይልቅ ሰውን በቅርበት አውቆታል ማለት ይቻላል፤ አባልነትን የሚወስነው የቀን ቆጠራ ብቻ ሳይሆን ኒያ፣ ማለትም የልብ ውሳኔ፣ መሆኑን አስተውሏልና። ደግሞስ አዋጁ ራሱ ለወታደሮች፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችና ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ ሲፈቅድ፣ ከቤቱ የራቀ ከሕዝቡ እንዳልወጣ አምኖ የለምን?

ለውጭ ነዋሪው ድምፅ የሚቀርበው የተለመደ መከራከሪያ ገንዘብ ነው፤ ለዓባይ ግድብ ቦንድ ገዝቷል፣ ለቤተሰቡ ይልካል ይባላል። ይህ መከራከሪያ መተው አለበት። ድምፅ በተላከ ገንዘብ ከተለካ ምንም መላክ ያልቻለችው የቤት ሠራተኛ መብቷ ይወድቃል፤ ምርጫም ወደ ባለጸጎች ጉባኤ ይመለሳል። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጉዳይም የተለየ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ኢትዮጵያዊነቱን እንዳጣ ይቆጥረዋል፤ የ1994ቱ የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅም፣ በተለምዶ የቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ብዙ መብት ሰጥቶ ምርጫን አስቀርቷል። እርሱ በሌላ ቦታ ከአርባው ተቆጥሯል፤ ቅድሚያ የሚገባው የትም ያልተቆጠረው ነው።

አፈጻጸሙን በተመለከተ እንደ ፈረንሳይ ያሉ አገሮች በውክልና ድምፅ መስጠትን ይፈቅዳሉ። ፊቅህም አቅም ላጣ ሰው ሌላው ሐጅ እንዲያደርግለት ይፈቅዳል፤ በሕይወት ላለ ሰው ግን ሌላው ሶላት ሊሰግድለት አይችልም። ድምፅ ከሐጅ ይልቅ ለሶላት ይቀርባል። በጎባ ያለ አባት በሪያድ ስላለች ልጁ ምልክት ቢያደርግ የሚቆጠረው የእርሱ ፈቃድ እንጂ የእርሷ አይደለም፤ አንቀጽ 38 የሚጠይቀው ሚስጥራዊነትም ይጠፋል። በኤምባሲ ይመረጥ ከተባለ ደግሞ፣ የሠራተኛውን ፈቃድ ከአሠሪው ጋር በሚያስረው የካፋላ ሥርዓት ሥር ያለች ሴት ከቤት መውጣቷ በራሱ በአሠሪዋ እጅ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው መዝገቡ ነው። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ በኢትዮጵያ ይኖሩ የነበሩ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ድምፅ ሰጡ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ ያ ተሳትፎ የባዕድ ዜግነት ማስረጃ ተደርጎ ብዙዎች ተባረሩ፤ በሄግ የተሰየመው የሁለቱ አገሮች የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽንም በ1997 ዓ.ም. ለመምረጥ መብቃታቸው ጥምር ዜግነት እንዳስገኘላቸው ወሰነ። በሳዑዲ ያለ ፈቃድ የሚኖር የሮቤ ልጅ ስሙን በመራጮች መዝገብ ሲያሰፍር አድራሻውንም ያሰፍራል፤ ያ መዝገብም እርሱን ለማባረር ሊያገለግል ይችላል። ስለዚህ የውጭ ድምፅን የሚፈቅድ ሕግ ሲረቀቅ፣ መዝገቡ ከምርጫ ቦርድ ውጭ ለማንም፣ ለኤምባሲም ለተቀባዩ አገርም፣ እንዳይተላለፍ የሚከለክለው አንቀጽ ከድምፅ አቆጣጠሩ አንቀጽ በፊት ሊጻፍ ይገባል።