የሚዛኑ ዕዳ የማን ነው?

በአሜሪካ የፌዴራሉ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ትዕዛዝ ቁጥር 636 የቧንቧ ኩባንያዎች የተፈጥሮ ጋዝ መሸጥን ከማጓጓዝ እንዲለዩ አደረገ። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ጋዙን ከነጋዴ ይገዛሉ፤ ከከተማው አከፋፋይ የሚፈልጉት ቧንቧውን ብቻ ነው። ፋብሪካው ለነገ የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ ነገ ሲደርስ ግን በብርድ ወይም በሌላ ምክንያት ፍጆታው ይበልጣል ወይም ያንሳል። አከፋፋዩ የጎደለውን ከማከማቻ አውጥቶ ይሞላል፣ የተረፈውንም ያስገባል። ማከማቻው ወጪ አለው። ያን ወጪ ፋብሪካው ካልከፈለ፣ በፋብሪካው ግምት ላይ ምንም ድምፅ የሌላት የቤት እመቤት በወር ሒሳቧ ትከፍለዋለች። ይህ በእኔ እምነት ከሒሳብ በፊት የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ብርድን ማንም አያዝዝም፣ ታዲያ ያልበደለ ለምን ይከፍላል? የሚል ተቃውሞ ይነሳል። መልሱ ቀላል ነው፤ ክፍያው የተሰጠ አገልግሎት ዋጋ እንጂ የበደል ካሣ አይደለም። አርስቶትል ድርሻን የሚያከፋፍለውን ፍትሕ ጉዳትን ከሚያቃናው የለየው በከንቱ አልነበረም። ተቃውሞው እውነት የሚሆነው ከተመዘገበው መጠን ለወጣ በሚጣለው ቅጣት ላይ ነው፦ ገበያው ሲወደድ ሆን ብሎ ያጎደለ ነጋዴና ግምቱ የሳተበት ትንሽ ዳቦ ቤት እኩል ሊቀጡ አይገባም። የየግዛቱ ተቆጣጣሪዎች ታሪፍ ሲያጸድቁ የአገልግሎቱን ዋጋ ከቅጣቱ ለይተው ይጻፉ።