ጋቢናው ላይ የሚያውቅ ሰው ይቀመጥ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሾፌር አሉ። የግቢው ወጣቶች «ጋሼ» ይሏቸዋል። ዕድሜያቸውን የፈጁት በቡታጅራ መስመር ነው፤ ዛሬ መሪ የሚጨብጡት ልጆቻቸው ሲለምኗቸው ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ከወጣቶቹ አንዱ መኪና ተውሶ «ጋሼ፣ ነገ ወዴት እንሂድ?» ሲላቸው መልሳቸው አይለወጥም። «ጥያ ሂዱ። ግን ጥያ ለመድረስ አትጣደፉ» ይላሉ።

መጣደፍን የሚጠሉት በምክንያት ነው። የከተማው ልጅ ዕረፍት ሲያገኝ አስፋልቱን ሽምጥ ነድቶ፣ አንድ ቦታ ደርሶ፣ በልቶና ፎቶ ተነሥቶ በመጣበት ይመለሳል። በመካከሉ ያለው አገር በመስኮት ሲያልፍ ስሙን እንኳ የሚጠይቅ የለም። ጋሼ ሰኞ ዕለት እነዚህን ልጆች ያገኟቸውና «ማንን አነጋገራችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ብዙውን ጊዜ መልስ የላቸውም።

ልደታ ከድሮም የመንገደኛ ሰፈር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ተነሥቶ ነበር። ዛሬ ሰፈሩን የሚያቋርጠው ቀላል ባቡር ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ የጋሼ መንገድ ደግሞ ከዚያ ይቀጥላል፦ በአየር ጤና አድርጎ ዓለም ገና፣ ከዓለም ገና ወደ ግራ ታጥፎ የቡታጅራን አስፋልት መያዝ።

መነሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ የዘገየ ሰው አየር ጤና ላይ የሲኖትራክ ሰልፍ ይጠብቀዋል። ትርፍ ጎማውና ክሪኩ ማታውኑ ይታያሉ። ከሁሉ በፊት ግን በዚያው ሳምንት በመስመሩ የተመላለሰ ሾፌር ተፈልጎ መንገዱ ሰላም መሆኑ ይጠየቃል፤ ባለፉት ዓመታት በየአካባቢው የደረሰውን የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ አይንቅም። «ሰላም አይደለም» ከተባለ ጉዞው ለሌላ ሳምንት ይቆያል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚይዘው ወጣት በዝቷል። እሱም እስከ ጥያ ደርሶ መልሱ አዳዲ ማርያምን ጨምሮ 200 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን አስቦ ባትሪውን ሞልቶ ይነሣ።

ከዓለም ገና ወጣ ሲባል ሜዳው ይከፈታል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ጓያ በየተራ ይዘራበታል። ጋሼ የመጀመሪያውን መቆሚያ የሚያዙት ምንም ምልክት በሌለበት፣ አንድ የጤፍ ማሳ ዳር ነው። እንጀራ በልቶ ያደገ የልደታ ልጅ ጤፍን ከስንዴ መለየት ሲያቅተው አይተዋልና። በጥቅምት መጨረሻ ጤፉ ዘለላውን ጥሎ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ ማየት ብቻውን መንገዱን ያስመሰግናል። ግን ማሳ የሰው ጓዳ ነው። ሳይጠይቁ አይገባበትም፤ ለፎቶ ተብሎ አይረገጥም። እስከ መልካ ቁንጡሬ ድረስ ያለው ገበሬ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። «አካም» ብሎ ሰላም ያለ ወጣት፣ ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያው ዋጋ ሁለት ነገር የጠየቀ ወጣት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ይሰማል።

ስለ አነዳድ ጋሼ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፤ ሆኖም ሰው አድኗል። ላም መንገድ ከተሻገረች ከኋላዋ ጥጃ አለ፤ ጥጃው ካለፈ ከኋላው እረኛው አለ። ስለዚህ ላሟ አለፈች ብሎ ነዳጅ መርገጥ አይገባም። ሌላም አለ። የመንገድ ዳር ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይለምናሉ። ከሚሄድ መኪና ላይ የሚወረውርላቸው ሰው ደግነት የሠራ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ፕላስቲኩን ሲያይ የሚመጣውን መኪና አያይም። መስጠት የፈለገ ዳር ይዞ ይቁም፣ ይውረድ፣ በእጁ ይስጥ።

ሁለተኛው መቆሚያ መልካ ቁንጡሬ ነው፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ መቆየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ በአዋሽ ዳርቻ የተጠረቡ ድንጋዮችን አየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮ ጀመረና ሦስት አሥርት ዓመታት ቆየበት፤ ከእሱ በኋላ የጣልያን ተመራማሪዎች ቀጠሉ። ጋርባ በሚባለው ስፍራ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለውና የሆሞ ኢሬክተስ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2023 ታውቋል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ያ የጥንት ሰው ከቆላው ወጥቶ የደጋውን ብርድ የለመደው በዚያን ያህል ሩቅ ዘመን መሆኑ ነው።

ጋሼን ግን ከሁሉ የሚነካቸው እዚያው ጎምቦሬ በሚባለው ስፍራ የተገኘው ዱካ ነው። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት በአንድ ኩሬ ዳር ጭቃ ላይ የአዋቂዎችና የሕፃናት እግር አርፏል። ከሕፃናቱ መካከል ገና ድክ ድክ የሚሉ ነበሩ። እዚያው አጠገብ የድንጋይ መሣሪያና የተበለተ የጉማሬ አጥንት ተገኝቷል። አዋቂዎቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ልጆቻቸው አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው። «ልጆቻችሁን ለሠራተኛ ትታችሁ አትሂዱ» የሚሉት ይህን ይዘው ነው። ልጅ አዋቂ ሲሠራና ሲነጋገር አጠገብ ሆኖ ካላየ ከምን ይማራል?

ትንሹ ሙዚየም ጎጆ ጎጆ ሆኖ ተሠርቷል። አስጎብኚውን ይዞ ሳይቻኮሉ መዞር ይበጃል፤ ለብቻ የሚዞር ሰው ድንጋይ ብቻ አይቶ ይወጣል። በአቅራቢያው ባልጪት የሚባል ቦታ አለ። ባልጩት ብለን የምንጠራው እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ መሬቱን ሞልቶታል። የጥንቱ ሰው መሣሪያውን ከእሱ ጠርቧል፤ በጉራጌ አገር ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎችም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በባልጩት ሠርተዋል። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። እዚያ አንዲት ስባሪ አንሥቶ ኪስ መክተት ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም ድንጋዩ የሚናገረው በወደቀበት ቦታ ሳለ ነው፤ ልደታ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ምስክርነቱ ያከትማል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የወጣው እንዲህ ያለውን ሀብት ለመጠበቅ ነው።

በመልካ ቁንጡሬ ድልድይ ሥር የሚፈስሰው አዋሽ ነው። ጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የልደታ ሰውም ከዚህ ወንዝ ጋር ጉዳይ አለው። ከሰፈራችን የሚወጣው ፍሳሽ በትንሹ አቃቂ ወንዝ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ፣ ከዚያ ወርዶ ከዚሁ አዋሽ ጋር ይቀላቀላል። ድልድዩ ላይ ቆሞ ንጹሕ አየር የሚስብ ወጣት፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ቆሻሻውን ወዴት እንደሚጥል ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ከመልካ ቁንጡሬ አልፎ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ የጠጠር መንገድ አለ። 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ አዳዲ ማርያም ትገኛለች። ትውፊቱ የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ናት ይላል፤ በአገራችን ካሉት ከአለት ከተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ወደ ደቡብ ርቃ የምትገኘው እሷ ናት። ጫማ ይወለቃል፣ ሴቶች ነጠላ ይለብሳሉ፣ ቅዳሴ ካለ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ዲያቆኑ በሻማ ብርሃን መተላለፊያውን ሲያሳይ ዝም ብሎ መከተል ነው።

ከዚያ ወደ ጥያ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰት እየበዛ ሲመጣ ሶዶ ክስታኔ አገር እንደተገባ ይታወቃል። ጥያ ላይ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ 32ቱ ላይ ጎራዴን የመሳሰሉ ምልክቶች ተቀርጸዋል። ከእ.ኤ.አ. 1980 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናቸው። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ሲላቸው ቢሰማም ከግራኝ ዘመን የሚቀድሙ ናቸው። በሥራቸው በተደረገው ቁፋሮ የወጡት ወንዶችና ሴቶች በአብዛኛው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው ነበሩ። ጋሼ ይህን የሚናገሩት በስተመጨረሻ፣ ወጣቶቹ ፎቶውን ከጨረሱ በኋላ ነው። አድማጮቻቸው ራሳቸው በዚያ ዕድሜ ላይ ስለሆኑ ወሬው ይቋረጣል፤ ድንጋዮቹን እንደገና ዞረው ያዩዋቸዋል።

ምሳ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ወይም ቡኢ ላይ ይበላል፤ ጾም ካልሆነ ክትፎ በቆጮ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ግን መኪናው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ማዞር አለበት። ሲመሽ ከብቱ ወደ በረት፣ ገበያተኛው ወደ ቤቱ የሚገባው በዚሁ አስፋልት ነው፤ መብራት የሌለው ጋሪም ይወጣበታል።

ጋሼ ለማንም ሳይነግሩ የማያልፉት አንድ ነገር አለ። አራት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ አምስተኛው ቦታ ባዶ አይሂድ። በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ፣ አገሩን በእግራቸው ወይም በጭነት መኪና የሚያውቁ፣ እሑድ እሑድ በረንዳ ላይ ብቻቸውን የሚውሉ አዛውንቶች አሉ። ጤፉ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ የአንዳቸውን በር አንኳኩና «ነገ በጠዋት እንሂድ፣ ጋቢናው የእርስዎ ነው» በሏቸው።